ቁጥሩን በሩ ላይ ለጥፉልን

ግልጽ ደብዳቤ
በሰሜን ሸዋ የተፈናቃዮችን እርዳታ ለምታስተባብሩ የመንግሥት ኃላፊዎች

ጤና ይስጥልኝ። ሥራ እንደሚበዛባችሁ አውቃለሁና ጥያቄዬን ከላይ ላስቀምጠው። እርዳታ በሚታደልበት ቦታ ሁሉ፣ በሩ ላይ፣ አንድ ወረቀት ይለጠፍ። በዚህ ወር ስንት ኩንታል ገባ፣ ከየት መጣ፣ ስንት ቤተሰብ ተመዝግቧል፣ ለአንድ ሰው ስንት ኪሎ ይደርሰዋል፣ መጋዘን ውስጥ ስንት ቀረ። ስም አይለጠፍ። ስማቸው አደባባይ እንዲወጣ የማይፈልጉ፣ የሚፈሩም አሉ፤ እውነታቸውን ነው። እኔ የምለው ቁጥሩን ነው።

ቀላል ነገር ይመስላል። ቀላልም ነው። ንብረት ሲገባ ሞዴል 19 የሚባለውን ደረሰኝ፣ ሲወጣ ሞዴል 22 የሚባለውን ትቆርጣላችሁ። ቁጥሩ እናንተ ጋ አለ ማለት ነው። ፋይል ውስጥ ያለውን በር ላይ አውጡት ነው የምላችሁ፤ አዲስ ጥናት፣ አዲስ በጀት፣ አዲስ ኮሚቴ የጠየቀ የለም (ኮሚቴስ በቅቶናል)።

የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው። ተፈናቃይ መቀበል ለዚህ ከተማ አዲስ ነገር አይደለም። በ2013 አጣዬ ስትቃጠል ሰው ልጁን አዝሎ ወደዚህ መጣ። በ2014 ኅዳር ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ሲደርስ ደግሞ የመንዙም የይፋቱም ሰው መንገድ ላይ ነበር፣ እኛ ራሳችን ዕቃ ጠቅልለን እንውጣ አንውጣ እያልን የምንጨነቅበት ሰሞን። ከወለጋ ሞት አምልጠው የመጡት ቻይና ካምፕና ባቄሎ በሚባሉት መጠለያዎች ሸራ ሥር ከገቡም ዓመታት አለፉ። ያኔ እቅፍ ላይ የነበረው ሕፃን ዛሬ ትምህርት ቤት የሚገባ ልጅ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ የከተማው ሰው ማንም ሳያዘው እንጀራ ጋግሮ ወስዷል፣ ልብስ ሰብስቧል፣ ሰርቪስ ቤቱን ለቅቋል። እድሩም፣ ሰንበቴውም፣ የመስጊዱም ጀመዓ እንዲሁ።

አሁን ግን እጅ እያጠረ ነው። አንዱ ምክንያት ኑሮው ነው፣ እሱን ማንም ያውቀዋል። ሁለተኛው ግን ጥርጣሬ ነው። ለእድራችን መዋጮ ስንሰበስብ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ሆኗል፦ «ይደርሳቸዋል ግን?» መልስ የለንም። «አዎ» እንዳንል አላየንም፤ «አይደርስም» ብንል ደግሞ ስም ማጥፋት ነው።

ገበያ ላይ የእርዳታ ዘይትና የእርዳታ ስንዴ ሲሸጥ ሰው ያያል፣ ከዚያም «ይኸው፣ እየተሰረቀ ነው» ብሎ ይደመድማል። እስቲ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ስንዴ የተሰጣት እናት ስንዴውን እንዲሁ አትበላውም። ወፍጮ ቤት ይከፈላል፣ ማገዶ ይገዛል፣ በርበሬና ጨው ይገዛል፣ ልጅ ሲታመም መድኃኒት አለ። እርዳታው ጥሬ እህል ብቻ ከሆነ ያላት አማራጭ ከእህሉ ላይ ቆንጥራ መሸጥ ነው። ይሄ ሌብነት አይደለም። ከመጋዘን በጓሮ በር የሚወጣ ኩንታል ግን ሌብነት ነው። ገበያ ላይ ሁለቱ ስንዴዎች አንድ ዓይነት ናቸው። የሚለያቸው ቁጥሩ ብቻ ነው፤ ቁጥሩ ደግሞ ፋይል ውስጥ ተቀምጧል።

ጥርጣሬ ምን እንደሚያመጣ በ2015 ሰኔ አይተናል። እርዳታ ላልታሰበለት ዓላማ ይውላል ተብሎ የአሜሪካ መንግሥትም የዓለም ምግብ ፕሮግራምም በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታ አቋረጡ። ለወራት። እህሉን ዞር ያደረገው ማንም ይሁን ማን፣ ጾሙን ያደረው ሸራ ሥር ያለው ነው። እርዳታው የተመለሰው የምዝገባውና የቁጥጥሩ አሠራር ከተለወጠ በኋላ ነው። ከውጭ ሰው ተቆጥቶ እስኪያስገድደን ለምን እንጠብቃለን? እዚሁ ያለነው ሰዎች፣ ከኪሳችን የምናዋጣው፣ ተመሳሳይ ጥያቄ ስናነሳ ግን «ደብዳቤ ጽፋችሁ አስገቡ» ተባልን፣ አስገባን፣ ደብዳቤው የት እንደገባ የሚነግረን አጣን። የትኛው ቢሮ እንደሆነ አልጽፍም፤ ክስ ማቅረብ አይደለም ፍላጎቴ።

ቁጥሩ መለጠፉ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ራሷን ተረጂዋን ነው። ሙሉ ራሽን ሲባል የኖረው ለአንድ ሰው ለወር 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬ እና 0.45 ሊትር ዘይት ነው። አምስት ሆነው ለሚኖሩ 75 ኪሎ እህል ማለት ነው። ይህን የምታውቅ እናት ስንቷ ናት? አንድ ኩንታል ለሦስት ቤተሰብ ተካፈሉ ስትባል፣ እህሉ ስላነሰ ነው ወይስ አንድ ሰው ስለቀነሰባት? በሩ ላይ «የዚህ ወር ድርሻ ለአንድ ሰው 10 ኪሎ፣ ምክንያቱም የገባው ይህን ያህል ነው» ተብሎ ቢጻፍ ቢያንስ የሚገባትን አውቃ ትሰለፋለች። ማንበብ ባትችል ልጇ ያነብላታል።

ሌላው የምዝገባው ጉዳይ ነው። ካምፕ ውስጥ ያለው ቢያንስ ይቆጠራል። ዘመድ ቤት የተጠጋው፣ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ለስምንት የሚያድረው፣ በቀን ሥራ የሚውለው ግን ዝርዝር ውስጥ የለም። ለመመዝገብ ሲሄድ «ከመጣህበት ቀበሌ መሸኛ አምጣ» ይባላል። ከየትኛው ቀበሌ? ሸሽቶ የወጣ ሰው ማኅተም አስመትቶ ነው እንዴ የሚወጣ? ኢትዮጵያ ስለ አገር ውስጥ ተፈናቃዮች የወጣውን የአፍሪካ ኅብረት የካምፓላ ስምምነት በ2012 አጽድቃለች። እዚያ አንቀጽ 13 ላይ መንግሥት የተፈናቃዮችን መዝገብ እየከለሰ እንዲይዝ፣ ሰነድ የሌላቸውንም ሰነድ እንዲሰጣቸው ተጽፏል። ማለትም ሰነድ መስጠት የእናንተ ግዴታ ነው፤ ሰነድ ማምጣት የእነሱ አይደለም። በሦስት ምስክር መዝግቧቸው። እኛ እድሮች ማን የት እንደሚያድር እናውቃለን፣ ጠይቁን።

ጸጥታው አስቸጋሪ መሆኑን አልክድም። መንገድ ሲዘጋ መኪና እንደማይገባ፣ ሠራተኞቻችሁም ሕይወታቸውን አስይዘው እንደሚሠሩ እናያለን። እሱንም ጻፉት። «በዚህ ወር መንገድ ስለተዘጋ አልገባም» የሚል አንድ መስመር፣ ሰው «በሉት» ብሎ ከሚያማ ያድናችኋል።

በመጨረሻ አንድ አስቸኳይ ነገር። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ደብረ ብርሃን ምን እንደሚመስል ለእናንተ አልነግራችሁም። ውርጭ ነው። ብርድ ልብስ ፋብሪካ ያለባት ከተማ፣ የመንዝ ባና የሚሸጥባት ከተማ፣ ሕፃናት ሸራ ሥር በአንድ ስስ ጨርቅ ሲያድሩባት ያሳፍራል። እድራችን ብርድ ልብስ ገዝቶ አስቀምጧል። ጥቂት ነው፣ አለ ግን። አባላቱ የወሰኑት ደረሰኝ በሚቆርጥና የት እንደደረሰ በሚለጥፍ እጅ ብቻ እንዲሰጥ ነው። ስለዚህ ሦስት ነገር ንገሩን፦ የትኛው መጋዘን፣ የትኛው ቀን፣ ማን ተረክቦ ሞዴል 19 እንደሚቆርጥልን። ከመስከረም መጨረሻ በፊት ከሆነ ጋሪና ተሸካሚ ከእኛ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የእድር ጸሐፊ፣ ደብረ ብርሃን