እማዬ፣ ጸሎትሽ አላጠረም

ሜሪላንድ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? የጦሳ ተራራ ብርድ ዘንድሮ ጠንከር ብሏል ብላ እህቴ ነግራኛለች። ጋቢውን ደርበሽ ተቀመጪ፣ አደራ። እኛ ሁላችን እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጆቹ ስምሽን ሳያነሱ አይውሉም።

ይህን ደብዳቤ እህቴ ቀስ ብላ ታነብልሻለች። ስልክ ላይ ተናግሬ የማልጨርሰው ነገር ስለሆነብኝ ነው ቁጭ ብዬ የጻፍኩት። ባለፈው ስናወራ፣ "ዓይኔም ደከመ፣ ጉልበቴም እምቢ አለኝ፣ ጸሎቴ አጥሮ አጥሮ ሊያልቅ ነው" አልሽኝ። ይህን ስትይ ድምፅሽ ውስጥ የነበረው ሐዘን እስካሁን አለቀቀኝም።

ምን እንደጎደለብሽ አውቃለሁ። ገና ሳይነጋ ትነሺ ነበር። ነጠላሽን አጣፍተሽ ወደ ምሥራቅ ዞረሽ ትቆሚያለሽ። የዘወትር ጸሎት፣ የዕለቱ ውዳሴ ማርያም፣ የዕለቱ ዳዊት፣ ከዚያ ከዮሐንስ ወንጌል። ስግደቱ ለብቻው ነው። በዚያ ላይ ዳገቱን ወጥተሽ ለኪዳን ጸሎት ትደርሻለሽ። እኛ ዓይናችንን ስንገልጥ አንቺ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰሽ ቁርስ አቅርበሻል። አሁን የዓይንሽ ሞራ ፊደሉን ጋረደብሽ። ጉልበትሽም ለዳገቱ አልሆን አለ። ንስሐ አባትሽ "ቁጭ ብለሽ የቻልሽውን በዪ" ብለው ፈቅደውልሻል። ፈቃዱ ግን አላጽናናሽም። የሰነፍሽ፣ ከእግዚአብሔር የራቅሽ መስሎሽ ትጨነቂያለሽ።

እማዬ፣ እኔ እንደዚያ አላምንም። የማላምነውም አንቺን ለማጽናናት ብዬ ሳይሆን ወንጌላውያኑ የጻፉትን አይቼ ነው።

ዘንድሮ ዘመነ ማርቆስ እንደሆነ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። እኔም በዘመኑ ወንጌላዊ ልጀምር ብዬ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ማርቆስን ማንበብ ያዝኩ። እያነበብኩ ጌታን የሚለምኑትን ሰዎች አንድ በአንድ ማየት ጀመርኩ። ብዙ የሚናገር የለም። አብዛኞቹ አንድ ዓረፍተ ነገር ብለው ነው ዝም የሚሉት። እሷኑም የሚሏት ወድቀው፣ ተቀምጠው ወይም እየጮኹ ነው።

የኢያሪኮውን ዕውር በርጤሜዎስን አስቢው። ማቴዎስና ሉቃስም የኢያሪኮን ነገር ጽፈዋል፤ ስሙን የጻፈልን ግን ማርቆስ ብቻ ነው። ዓይኑ አያይም። መንገድ ዳር ተቀምጧል። መጽሐፍ የለውም፣ መቅደስ ውስጥም አይደለም። ያለው ድምፁ ብቻ ነው። "የዳዊት ልጅ ኢየሱስ ሆይ፥ ማረኝ" ይላል። ሰዎቹ ዝም በል ሲሉት አብዝቶ ያንኑ ይጮኻል። አዲስ ነገር አልጨመረም፣ ቃሉንም አላሳመረም። ከዚያ ማርቆስ "ኢየሱስም ቆመ" ይላል። እዚህ ላይ መጽሐፉን ዘግቼ ብዙ ቆየሁ። ለተቀመጠው ሰው ጌታ ራሱ ቆመለት እኮ! አንቺ መቁጠሪያሽን ይዘሽ አልጋሽ ጫፍ ላይ ቁጭ ብለሽ 41 ጊዜ "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ" ስትይ፣ የበርጤሜዎስን ጩኸት ነው የምትጮኺው። እሱ ተቀምጦ ተሰምቷል። አንቺስ ተቀምጠሽ ብትጸልዪ ጸሎትሽ ለምን አይሰማም?

ደግሞ "አንድ ነገር ነው የምደጋግመው" ብለሽኝ ነበር። በጌቴሴማኒ ጌታ ራሱ ምን አደረገ? "አባ አባት ሆይ፥ ሁሉ ይቻልሃል" ብሎ ጽዋው እንዲያልፍ ጸለየ፤ ፈቃዱን ግን ለአባቱ ተወ። ሄዶ ደቀ መዛሙርቱን ተኝተው አገኛቸው። ተመልሶ ሲጸልይ ማርቆስ "ያንኑ ቃል" ተናገረ ነው የሚለው። በዚያች ጭንቅ ሌሊት ጌታ ያንኑ ቃል ከደገመ፣ አንቺ ያንኑ ደጋገምኩ ብለሽ የምትጨነቂው ለምንድን ነው?

ማቴዎስ ጋ ያሉት ደግሞ የባሰ ያጥራሉ። ጴጥሮስ ውኃው ሊያሰምጠው ሲል "ጌታ ሆይ፥ አድነኝ" አለ። ከነናዊቷ እናት ስለ ልጇ "ጌታ ሆይ፥ እርዳኝ" አለች። በቃ፣ ይኼው ነው። አቡነ ዘበሰማያትን ከማስተማሩ በፊትም ጌታ በመናገር ብዛት የሚሰሙ እንደሚመስላቸው ሰዎች እንዳንሆን አስጠንቅቆናል። ረጅሙን ጸሎት እያቃለልኩ አይደለም፤ እኔን ያሳደገኝ እሱ ነው። አቅም ሲከዳ አጭሩም እዚያው እንደሚደርስ ልነግርሽ ብዬ ነው።

ዮሐንስ ላይ ግን ላዝግም፤ ያንቺ ወንጌል ነውና። ሕፃን ሆነሽ ፊደል ቆጥረሽ ስታበቂ መጀመሪያ መልእክቱን፣ ቀጥሎ ወንጌሉን፣ ከዚያ ዳዊትን እንዳነበብሽ ስትነግሪን ነው ያደግነው። ታዲያ ቃና ዘገሊላ ላይ እመቤታችን ልጇን ምን አለችው? "የወይን ጠጅ እኮ የላቸውም።" እንዲህ አድርግ፣ ይህን ስጣቸው አላለችም። የጎደለውን ነገረችው፣ አገልጋዮቹንም የሚላችሁን ሁሉ አድርጉ አለቻቸው። ማርታና ማርያምም አልዓዛር ሲታመም የላኩት መልእክት "ጌታ ሆይ፥ እነሆ የምትወደው ታሞአል" የሚል ነው። ና እንኳ አላሉትም። መታመሙን ነገሩት፣ ቀሪውን ለእሱ ተዉለት።

አንቺ ይህን ስታደርጊ ስንት ጊዜ ሰምቼሻለሁ! ጸሎትሽን ስትጨርሺ የሁላችንንም ስም ትጠሪ ነበር። ከታላቅ ወንድሜ ትጀምሪና ጎረቤቱን ሁሉ አዳርሰሽ፣ የታሰረውን፣ የታመመውን፣ ስደት የሄደውን ትጨምሪበታለሽ። "እገሌ ሥራ አጥቷል"፣ "እገሊት አልወለደችም" ብቻ ብለሽ ታልፊ ነበር። ያኔ ገና ልጅ ስለነበርኩ እንዲህ አጭር ጸሎት ይሰማል ወይ ብዬ አስብ ነበር። ለካ ከቃና የተማርሽው ነው። ስም መጥራት የዓይን ብርሃንም፣ የጉልበት ብርታትም አይጠይቅም። ይህን ጸሎት ማንም አልወሰደብሽም እማዬ።

ሌላም ነገር አለኝ። ማርቆስ ያደገው ምን ዓይነት ቤት ውስጥ እንደሆነ ታስታውሻለሽ? በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 12 ላይ ጴጥሮስ ከእስር ቤት ሲወጣ በሌሊት የሄደው ወደ ማርቆስ እናት ወደ ማርያም ቤት ነው። ብዙ ሰዎች እዚያ ተሰብስበው ይጸልዩ ነበር። በኋላ ወንጌል የጻፈው ልጅ የጸሎት ቤት ልጅ ነበር ማለት ነው። ስለ እናቱ ብዙ አልተጻፈም። ምን ያህል እንደሰገደች፣ ስንት መዝሙር እንደደገመች አናውቅም። ቤቷ ይጸለይበት እንደነበር ግን እናውቃለን። እኔም የዚያ ዓይነት ቤት ልጅ ነኝ። ዛሬ እዚህ አገር ደክሞኝ ከሥራ ስገባ "በስመ አብ" ብዬ የምቆመው፣ አንቺ በጨለማ ስትቆሚ እያየሁ ስላደግኩ ነው።

ሉቃስን ደግሞ ለዕድሜሽ ስል እወደዋለሁ። ወንጌሉን የሚከፍተው በአረጋውያን ነው፤ ዘካርያስና ኤልሳቤጥ፣ ቀጥሎ ስምዖን፣ ቀጥሎ ነቢይቱ ሐና። "ሐና ከመቅደስ አትለይም ነበር፣ እኔ ግን ቤት ቀረሁ" እንደምትይኝ አውቃለሁ። እሺ፣ ዘካርያስንስ? ካህን ሆኖ ወራት ሙሉ አንዲት ቃል ማውጣት አልቻለም። አንደበቱ ተዘግቶም እግዚአብሔር ሥራውን አላቆመም፤ መጥምቁ ዮሐንስ በጊዜው ተወለደ። አፉ ሲከፈት መጀመሪያ የወጣው ምስጋና ነው። በጌታ ቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ፣ ፈያታዊ ዘየማንም ያለው ሉቃስ ጋ ነው። እጁ ተቸንክሯል፣ መስገድ አይችልም፣ ማማተብ አይችልም። "በመንግሥትህ በመጣህ ጊዜ አስበኝ" አለ፤ በዚያው ቀን በገነት እንደሚሆን ሰማ።

ሉቃስን ካነሳሁ አይቀር፣ ቅዱስ ጳውሎስ "የተወደደው" ያለው ይህ ወንጌላዊ ሐኪም ነበር። ስለዚህ የዓይንሽን ነገር "ጸበሉ ይበቃኛል" ብለሽ እንዳትተዪው። ጸበሉም ይቀጥል፣ ሞራውም በቀዶ ሕክምና ይውጣ። ከእህቴ ጋር ተነጋግረን ጨርሰናል፤ ወጪው አያስጨንቅሽ። አንቺ እሺ በይ ብቻ።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። ኅዳር 15 ሰኞ ጾመ ነቢያት ይገባል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ገና ማርቆስን አብረን እንድንጨርሰው እፈልጋለሁ። 16 ምዕራፍ ነው። በቀን 15 ወይም 16 ቁጥር ካነበብን ለበዓሉ እንደርሳለን። ደሴ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ሲሆን እኔ ጋ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። አንቺ በማለዳው ጸሎት በነግህ ላይ ስትሆኚ እኔ ወደ መኝታው ጸሎት ወደ ንዋም እቀርባለሁ፤ ስለዚህ አንድ ስልክ ለሁለታችንም ጸሎት ይሆናል። እኔ አነባለሁ፣ አንቺ ትሰሚያለሽ። ካነበብኩ በኋላ ትንሽ ዝም እንላለን። ዝም ስንል የታሪኩን ቦታ አስቢው፤ ማን ቆሟል፣ ማን ተቀምጧል፣ አንቺ እዚያ ብትሆኚ የት ትሆኚ ነበር? ማዕበሉ ሲነሳ ጌታ በታንኳዋ ኋላ ትራስ ተንተርሶ ተኝቶ እንደነበር የጻፈው ማርቆስ ነው። እንዲህ ያለችዋን ትንሽ ነገር ይዘሽ ዋዪ። ከዚያ አቡነ ዘበሰማያትን አንቺ አድርሺና ባርኪኝ።

ለቀሩት የጸሎት ሰዓታት ራስሽን አታስጨንቂ። በቀትርና ከቀኑ 9 ሰዓት በተሰዓት ስቅለቱንና ሞቱን እያሰብሽ የፈያታዊውን ቃል በዪ። ለሠርክ የኤማሁስ መንገደኞች "ከእኛ ጋር እደር፥ ማታ ቀርቦአልና" ያሉት ይበቃል። መንፈቀ ሌሊት ላይ እንቅልፍ ከመጣልሽ ተኚ። እንቅልፍ እምቢ ካለሽ ደግሞ የልጆችሽን ስም ጥሪ።

እስከ ሰኞ አንድ ነገር አድርጊልኝ። ዘንድሮ በጸሎት የምትጠሪያቸውን ሰዎች ስም ለእህቴ እየነገርሽ አስጽፊያት፣ እሷም ትላክልኝ። አዳዲስ ሰዎች እንደጨመርሽ ሰምቻለሁና እኔም አብሬሽ ልጥራቸው። እዚህ ያለች አንዲት ጓደኛዬም እናቷ ታመውባት ተጨንቃለች፤ ክርስትና ስሟ ወለተ ማርያም ነው፣ እሷንም ጨምሪልኝ። ስልኩን ማታውኑ ቻርጅ አድርጋ ከራስጌሽ እንድታኖረው ለእህቴ ንገሪያት።

ጉልበትሽን ስሜ፣
ልጅሽ