የመካኒክ ክበብ፦ ላዳውና ቴስታታው

የባሕር ዳር ተማሪዎች የመካኒክ ክበብ ዘንድሮ ከመስከረም እስከ ግንቦት የሠራው በአንድ መኪና ላይ ነው፤ 1.3 ሊትር ሞተር ባለው አሮጌ ላዳ። መኪናው ውሃ ይጨርሳል፣ ጠዋት ሲነሳ ይንተፋተፋል፣ የዘይት መክደኛው ሥር ማኪያቶ የመሰለ አረፋ ይዟል። ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ሲጨምቅ የሚፈጥረው ግፊት) ሲለካ 2ኛውና 3ኛው ሲሊንደር አብረው ወርደው ተገኙ። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አንድ ላይ ሲወርዱ መጀመሪያ የሚጠረጠረው በመካከላቸው ያለው ጓርኒሲዮን ነው፤ በሞተሩ ብሎክና ከላይ በሚከድነው ቴስታታ መካከል የሚገባው ማሸጊያ።

ላዳ ከፊያት 124 የተቀዳ መኪና ስለሆነ የጋራዦቻችን ጣሊያንኛ ለእሱ የቤት ቋንቋ ነው።

ቴስታታ የሚፈታው ሞተሩ በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። አሉሚኒየም ትኩስ እያለ ከተለቀቀ ይጣመማል። ካቴናው (ካምሻፍቱን የሚያዞረው ሰንሰለት) ከመውለቁ በፊት ቫልቮቹን የሚከፍተው የካምሻፍቱ ጥርስ ላይ ያለው ምልክት ከካምሻፍቱ ቤት ምልክት ጋር ይገጥማል። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ምልክቶቹ ሲገጥሙ በኮምፕሬሽን ጫፍ ላይ ያለው 4ኛው ሲሊንደር ነው እንጂ 1ኛው አይደለም። ይህን ያላወቀ የካንዴላ (የእሳት መስጫ) ገመዶቹን አዟዙሮ ይሰካና ሞተሩ በካርቡራተር በኩል ይተኩሳል። የእሳቱ ተራ 1-3-4-2 ነው። ካቴናው ወደ ታች እንዳይሾልክ ከጥርሱ ጋር በሽቦ ይታሰራል።

የወረደው ቴስታታ በሁለት ቫልቮች መካከል ተሰንጥቆ ስለነበር ማስላጡ ትርፍ የለውም ተብሎ ሌላ ያገለገለ ተገዛ። ያገለገለ ሲገዛ ተገልብጦ የቫልቮቹ ጉድጓድ ነጭ ጋዝ ይሞላል። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ በመግቢያው ወይም በመውጫው ቀዳዳ ካረጠበ ቫልቩ አይዘጋም።

ጓርኒሲዮን ግዢ ላይ «የላዳ» ብቻ ማለት አይበቃም። የ1.2 እና የ1.5 ሞተር ሲሊንደር ስፋት 76 ሚሊሜትር ነው፤ የ1.3 እና የ1.6ቱ 79 ነው። የ76ቱ በ79ኙ ላይ ከተቀመጠ የብረት ቀለበቱ ወደ ሲሊንደሩ ውስጥ ይወጣና ይቃጠላል። መጀመሪያ የመጣው የ76ቱ ነበር፤ ሳይገጠም ተመለሰ።

ከመግጠሙ በፊት በብሎኩ የብሎን ጉድጓዶች ውስጥ የቀረው ዘይትና ውሃ በሲሪንጅ ተመጠጠ። ፈሳሽ አይጨመቅም፤ ብሎኑ ታችኛውን ፈሳሽ ገፍቶ ብሎኩን ሊሰነጥቅ ይችላል፣ ባይሰነጥቅም የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካው ቶርክ ሬንች ጠበቀ ሲል ቴስታታው ገና አልያዘም። ጓርኒሲዮኑ ደረቅ ሆኖ ይገባል፤ ግሪስ መቀባት የድሮ ልማድ ነው፣ ይቅር።

ማጥበቅ ከመሃል ወደ ዳር ነው። አሥሩ ትልልቅ ብሎኖች መጀመሪያ ከ33 እስከ 41 ኒውተን ሜትር፣ ሁለተኛ ዙር ከ96 እስከ 118 ይጠብቃሉ። ትንሿ 11ኛዋ ብሎን መጨረሻ ላይ ከ31 እስከ 39 ብቻ ናት። በረጅም ቧንቧና በጉልበት «ይበቃል» የሚባለው ይህችን ብሎን ነው የሚበጥሰው።

ተማሪዎቹ ብዙ ጊዜ የፈጀባቸው የቫልቭ ክፍተት ነው፤ በካምሻፍቱና ቫልቩን በሚገፋው ክንድ መካከል ያለው። ሞተሩ ቀዝቅዞ 0.15 ሚሊሜትር ይለካል፤ የ13 ቁልፍ የማስተካከያ ብሎኑን፣ የ17 ቁልፍ እሱን የሚቆልፈውን ዳዶ (ነት) ይይዛል። ዳዶው ሲጠብቅ ብሎኑን ሊያንቀሳቅሰው ይችላል፤ ልክ የነበረው ክፍተት ይለወጣል። ስለዚህ ከተጠበቀ በኋላ ፊለሩ (ክፍተት የሚለካው ቀጭን ብረት) እንደገና ይገባል፤ ከተጫነ መጽሐፍ ሥር ወረቀት ሲሳብ እንደሚይዘው ትንሽ መያዝ አለበት። ጠብቆ የቀረ ቫልቭ በደንብ ሳይዘጋ ይቃጠላል። የቫልቮቹ ተራ መጀመሪያ 8 እና 6፣ ከዚያ ሞተሩ በእጅ በየግማሽ ዙሩ ሲዞር 4 እና 7፣ 1 እና 3፣ 5 እና 2 ነው።

የተሰነጠቀው ቴስታታ ምክንያት ግን ራዲያተሩ ላይ ተገኘ፤ የክዳኑ ጎማ ደርቋል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ክፍት ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። በግማሽ ባር ግፊት የሚይዝ ጤነኛ ክዳን ይህን ወደ 107 ያደርሰዋል። ክዳኑ ካልያዘ በተለይ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ውሃው ተንኖ ያልቃል፣ ቴስታታውም ይግላል። ከጣና በጀሪካን ተቀድቶ የሚጨመር ውሃ ደግሞ ደለሉን ይዞ ነው የሚገባው፤ ቱቦዎቹ ሲታጠቡ ቡናማ ጭቃ ወጥቷል። አሁን ክዳኑ አዲስ ነው፣ ውስጡ ያለውም ውሃ ሳይሆን አንቲፍሪዝ የተቀላቀለበት ነው።

ጥቂት ከተነዳ በኋላ የቫልቭ ክፍተቱ እንደገና ይለካል። ይህ ለመስከረም ቀርቷል፤ የካርቡራተሩ ማጽዳትም እንደዚሁ።