ለአስታማሚም ፈቃድ ይታሰብለት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው እትማችሁ ስለ አእምሮ ሕሙማን ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ስለ ታማሚዎቹ የተባለው ሁሉ እውነት ነው። አብሯቸው ስለሚያድረው ሰው ግን አንድ መስመር እንኳ ስላላገኘሁ ይህን ደብዳቤ ጻፍኩ።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከእናቴና ከታናሽ ወንድሜ ጋር ነው። ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ ሳለ ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያዘው። አባታችን አርፏል፤ እናቴም ጉልበቷ እንደ ድሮው አይታዘዝላትም። አስታማሚው እኔ ነኝ።

ማስታመም ሲባል ብዙ ሰው ምግብ አብስሎ ማቅረብ ይመስለዋል። ከባዱ ሌሊቱ ነው። ሕመሙ ሲነሳበት ከግድግዳው ውስጥ ሰዎች ሲዶልቱበት ይሰማዋል፤ ጆሮውን ለጥፎ ቆሞ "ዝም በይ፣ እየሰሙሽ ነው" ይለኛል። እኔም አይዞህ እያልኩ አብሬው እቆማለሁ። እንቅልፍ ቢጥለኝ በጨለማ ወደ ዋናው መንገድ ስለሚወጣ የበሩን ቁልፍ አንገቴ ላይ አስሬ አድራለሁ። ጠዋት ክኒኑን ከዋጠ በኋላ ሻዩን እስኪጨርስ አጠገቡ ተቀምጬ አወራዋለሁ፤ ምላሱ ሥር ደብቆ ሊተፋው ይችላልና። "ያደነዝዘኛል፣ እጄን ያንቀጠቅጠኛል" ይላል። እውነቱን ነው፤ አልፈርድበትም።

ጠበልም ወስጄዋለሁ። የንስሐ አባታችን መድኃኒቱን እንዳናቋርጥ አጥብቀው ስለመከሩን እግዚአብሔር ይስጣቸው።

እኔ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ሠራተኛ ነበርኩ። ፈቃድ ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ ሕጉ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ልዩና አሳሳቢ ሁኔታ ለገጠመው ሠራተኛ እስከ 5 ተከታታይ ቀናት ያለ ክፍያ ፈቃድ ይሰጣል፤ ያውም በበጀት ዓመቱ ከ2 ጊዜ ላልበለጠ። ለድንገተኛ ችግር ይበቃ ይሆናል። ይህ ሕመም ግን ተሻለው ሲባል እያገረሸ ዓመታት የሚዘልቅ ነው። ሥራዬን ለቀቅኩ። አሁን እቤት ተቀምጬ የጎረቤት ልብስ እጠግናለሁ። የታመመው አንድ ሰው ሆኖ ሳለ ከቤታችን ከሥራ ውጭ የሆነው ሁለት ጎልማሳ ነው። አገሪቱ ይህን ኪሳራ የምትመዘግበው በየትኛው መዝገብ ነው? "በዘራቸው አለ" ተብሎ ለልጃቸው የትዳር ጠያቂ እንዳይጠፋ ፈርተው መስኮት ዘግተው የሚያስታምሙ ቤተሰቦችም አሉ፤ እነሱን ማንም አይቆጥራቸውም።

ወንድሜ የሚታከመው አማኑኤል ነው። ለአሥርተ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ የኖረ፣ ብዙ ሰው ያተረፈ ቤት ነው። ነገር ግን የሚከታተሉት ሰዎች እንዳሉ የሚያምን ሰው ይዞ ከቱሉ ዲምቱ እስከ መርካቶ አካባቢ መጓዝ፣ በታክሲ ሰልፍ ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየው መቆም፣ ምን እንደሚመስል የሞከረው ያውቀዋል። ቅርብ ወዳለ ጤና ጣቢያ ስንሄድ ደግሞ መድኃኒቱ አልቋል እንባላለን፤ ከግል ፋርማሲ እንገዛለን። በየወሩ የሚወጋው መርፌ እዚሁ ቢሰጥ ግማሹ መከራችን በቀረ ነበር። አይቻልም እንዳይባል፣ በጉራጌ ዞን በተደረገ ጥናት በጤና ጣቢያ ሠልጥነው የተመደቡ ባለሙያዎች የሰጡት ክትትል የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ከሰጡት ያላነሰ ውጤት አምጥቷል።

ስለዚህ መድኃኒቱና መርፌው በየጤና ጣቢያው ሳይቋረጥ ይገኝ። የሥራና ክህሎት ሚኒስቴርም ሥር የሰደደ የአእምሮ ሕመም ያለበትን የቤተሰብ አባል ለሚያስታምም ሠራተኛ የግማሽ ቀን ሥራ ወይም የፈረቃ ለውጥ የመጠየቅ መብት በሕግ እንዲኖረው ያስብበት። እኔ የምሽቱ ፈረቃ ቀርቶልኝ፣ ቀን ወንድሜን እናቴ እየጠበቀችው የቀኑን ፈረቃ ብቻ እንድሠራ ቢፈቀድልኝ ኖሮ ዛሬም ደመወዝተኛ ነበርኩ። ሚኒስቴሩ በዚሁ ጋዜጣ መልስ እንዲሰጠን እጠይቃለሁ።

አንዲት አስታማሚ፣ ከቱሉ ዲምቱ