ደብዳቤ ለልጄ፦ ተኮራርፈህ አትደር

የኔ ልጅ፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእናትህ ጉልበት ያው እንደምታውቀው ነው፤ ቢሆንም ኪዳነምህረትን በእግሯ ሄዳ ተሳልማ መጥታለች።

ለእህትህ የጻፍከውን አነበበችልኝ። አትቆጣት፤ ሁለት ቀን ደብቃኝ ነበር። «እንደ ባሪያ መርከብ ታጭቀን ነው የምንኖረው» ብለሃል። ሁለት ሰው በአንድ ክፍል፣ ያውም መስኮት ያለው! ዝቅ ብለህ ደግሞ ከአብሮ አዳሪህ ጋር ከተነጋገርክ ሁለት ሳምንት እንዳለፈህ ጽፈሃል። የመጀመሪያው አናደደኝ፤ ሁለተኛው እንቅልፍ ነሳኝ።

የመጀመሪያውን ልጨርስ። ብሩክስ የምትባለው የእንግሊዝ የባሪያ መርከብ ሥዕል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1788 ሲታተም፣ ሰው እንደ ማገዶ ተደርድሮ ይታይባት ነበር። የእንግሊዝ ሕግ የፈቀደላት 454 ሰው ነው፤ ለአንድ ጎልማሳ ወንድ የተሰላለት ወርድ 41 ሴንቲ ሜትር። ከሕጉ በፊት ከ600 በላይ ጭናለች። የሩቅ አገር ወሬ ነው እንዳትለኝ። ልክ መቶ ዓመት ቆይቶ፣ በ1888፣ ኦስፕሬይ የተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ከራሃይታ ወደ የመኗ ሞካ የሚሻገሩ ሦስት ባለሸራ ጀልባዎችን ስትይዝ 204 ሰው ተገኘባቸው፤ አብዛኞቹ የኦሮሞ ልጆች። 64ቱ ዞረው ዞረው ደቡብ አፍሪካ፣ ላቭዴል ትምህርት ቤት ገቡ። ራሃይታ ከአሰብ በታች ነው። በባሕር ኃይል ሳለሁ በዚያ ጠረፍ ስንት ሌሊት ለጥበቃ እንደቆምኩ ታውቃለህ፤ ይህን ግን ያን ጊዜ የነገረኝ አልነበረም። ደመወዝ የሚከፈለው ሰው ያን ቃል ሲናገር ሁለተኛ እንዳልሰማ።

ማነጻጸር ካማረህ ከመርከበኞቹ ጋር ተነጻጸር። በ1805 ትራፋልጋር ላይ የተዋጋችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ቪክትሪ፣ የመድፍ ወለሏ 57 ሜትር ገደማ ሆኖ፣ 820 ያህል ሰው ይዛ ነበር። ከጣሪያ ለሚንጠለጠል የሸራ አልጋ ለአንድ ሰው የሚሰጠው ወርድ 36 ሴንቲ ሜትር ነበር። ከባሪያው መጥበቡን ሳይ ደነገጥኩ። ግን ግማሹ ሰው ተራ ስለሚወጣ የጎረቤት ቦታ ባዶ ይሆናል፤ ሲነጋም መርከበኛው አልጋውን ጠቅልሎ ይነሣል። ባሪያው የሚነሣው ሲፈቀድለት ብቻ ነበር። መርከበኞቹ ምሳቸውን የሚበሉት በመድፎቹ መካከል ነበር፤ ከማዕድ ጓደኞቹ ጋር ያልተስማማ በወሩ መጀመሪያ ማዕድ ልቀይር ብሎ መጠየቅ ይችል ነበር። ጥበበኞች! ኩርፊያ በጠባብ ቦታ ምን እንደሚያደርግ ገብቷቸዋል።

እርጥብ ልብስ ክፍል ውስጥ አታስጣ። ታይፈስን «የመርከብ ትኩሳት» ያስባለው ያልታጠበ ልብስና ቅማሉ ነው። አንሶላህን በየሳምንቱ እጠብ። ከልጁ ጋርም ተኮራርፈህ አትደር።

በሳሎናችን ፎቶ ላይ በስተግራ የቆመውን ታውቀዋለህ። የአልጋ ጎረቤቴ ነበር፤ እሱ ከላይ፣ እኔ ከታች። በአሰብ ሙቀት የተጣላነው በአንዲት ማራገቢያ ነው። ወደ እኔ አዞርኳት፣ ወደ እሱ አዞራት፣ አበቃ። ሦስት ወር በአንድ ክፍል አንድ ቃል ሳንለዋወጥ ኖርን። ሲያስል እሰማለሁ፣ ውሃ አላቀብለውም። ግንቦት 1983 ላይ መርከቦቻችን ከአሰብ ወደ የመን ሲወጡ እሱ በሥራ ምክንያት መሬት ላይ ቀረ። ገመዱ ሲፈታ ወደቡ ላይ ቆሞ አየሁት። እጁን አነሣልኝ። እኔ አላነሣሁም። ገና እንደተቆጣሁ ነበርኩ መሰለኝ፤ ወይም የምንመለስ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወሬውን የሰማ ሰው አላገኘሁም። እናትህ በሙቀቱ ወራት ማራገቢያ እንግዛ ስትለኝ ለምን ዝም እንደምል አሁን ገባህ?

ተኮራርፈህ አትደር አልኩህ። ጥፋቱ የእሱ ቢሆንም።

የፓስፖርትህን ፎቶ ለእህትህ ላክላት። የጨጓራ መድኃኒትህን ሐኪሙ እንዳዘዘህ ውሰድ። ሐሙስ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው የጎረቤታችን ልጅ በሶና ቡና ያደርስልሃል። እናትህ ቡናውን ቆልታ ፈጭታ በሁለት ከረጢት አሽጋዋለች። በአንደኛው ላይ ስምህን ጽፋለች፤ ለሁለተኛው የአብሮ አዳሪህን ስም ማን ልበል እያለች ነው። እስከ ረቡዕ ማታ ጻፍልን።

አባትህ