አባባ፣ እንቅልፍዎን ይተኙ

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፤

ለጤናዎ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ተሻለው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። የትራንዚት ሥራውም እንዳለ ነው።

እማዬ በስልክ «አባትሽ እንቅልፍ አጥተዋል» አለችኝ። ባሕር ውስጥ እንደምጠልቅ ማን እንደነገረዎት አውቄያለሁ። ያ አፈ ቀላል ወንድሜ ነው። ከእሱ ወሬ ግን ከእኔ ቢሰሙት ይሻላል።

ብቻዬን አልገባም፤ ሁሌም ጥንድ ጥንድ ሆነን ነው። ጀርባዬ ላይ የማዝለውም ሰው እንደሚለው ኦክስጅን ሳይሆን ተራ አየር ነው፣ በግፊት የታመቀ። ኤንትሬውን ሲነዱ «ንፋስ ሳይሞላ መኪና አይነቃነቅም» ይሉ አልነበር? እኔም ጌጁ 200 ባር ገደማ ካላሳየኝ ውሃ አልነካም። ስወጣ ደግሞ ቢያንስ 50 ባር መትረፍ አለበት። ጌጅ ማየት ከማን እንደተማርኩ ያውቁታል።

ከመውረዱ ይልቅ መውጣቱ ነው ጥንቃቄ የሚፈልገው። በየ10 ሜትሩ የውሃው ግፊት ውጪ ያለውን የአየር ግፊት ያህል ይጨምራል። 20 ሜትር ላይ የምተነፍሰው አየር ውጪ ካለው ሦስት እጥፍ የታመቀ ነው። ሽቅብ ሲወጣ ያ የታመቀ አየር ስለሚነፋ፣ ትንፋሽን ይዞ መሮጥ ሳንባ ይቀድዳል። ስለዚህ መተንፈስ አይቋረጥም፣ አይቸኮልም። 5 ሜትር ላይ ደግሞ 3 ደቂቃ እንቆማለን፤ ከአየሩ ሰውነታችን ውስጥ የገባው ናይትሮጅን የሚባል ጋዝ ቀስ ብሎ እንዲወጣ።

እርስዎ ጂቡቲን የሚያውቋት በሙቀቷና በወደቧ ወረፋ ነው። አልፈርድብዎትም። ከወደቡ በጀልባ ወጣ ሲባል ግን ሙሻና መስካሊ የሚባሉ ደሴቶች አሉ። ዙሪያቸው ውሃው ውስጥ ኮራል ነው። ድንጋይ ይመስላል እንጂ የሚሠሩት ጥቃቅን እንስሳት ናቸው። እዚያ አፉ የበቀቀን የመሰለ ዓሣ አለ። ኮራሉን ሲግጥ ድምፁ ጆሮዬ ድረስ ይሰማል፦ ቅርጭጭ፣ ቅርጭጭ። የፈለገው ላዩ ላይ ያለውን አልጌ፣ ማለትም የውሃ ሽበት ነው። ድንጋዩን ግን አብሮ ይፈጨውና በኋላው ነጭ አሸዋ አድርጎ ያወጣዋል። ሰው ጫማውን አውልቆ ፎቶ የሚነሣበት አሸዋ ከፊሉ የዓሣ ኩስ ነው ማለት ነው። ይቺን ለእማዬ አያንብቡላት።

ከኅዳር እስከ ጥር ደግሞ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዌል ሻርክ ይመጣል። ሻርክ ስልዎት አይደንግጡ። በዓለም ካሉ ዓሦች ትልቁ እሱ ነው፤ ምግቡ ግን ፕላንክተን የሚባል ዓይን የማይሞላ ነገር ነው። እዚህ የሚመጡት አብዛኞቹ ገና ያልጎለመሱ፣ አራት ሜትር ገደማ የሚሆኑ ናቸው። ለእነሱ ጀርባ ላይ የሚታዘለው የአየር ሲሊንደር አያስፈልግም። በመነጽርና በመተንፈሻ ቱቦ ከላይ ከላይ ነው የምንዋኘው። አንዱ አፉን ከፍቶ በጎኔ ሲያልፍ አየሁት። ጀርባው እንደ ጅግራ ነጠብጣብ ነው። ዓይኑ ለዚያ ገላ ታንሳለች። አየኝና ከጉዳይም አልቆጠረኝ።

ለገና እመጣለሁ። ሐሙስ ጠልቄ አርብ ባቡር ላይ አልወጣም ግን። ናይትሮጅኑ ሳይወጣ ከፍታ ላይ መውጣት ይጎዳል፤ አዳማ ደግሞ ከባሕር ጠለል ከ1,600 ሜትር በላይ ናት። የአየር ጉዞ ደንቡ ለደጋጋሚ ጠላቂ ቢያንስ 18 ሰዓት ጠብቁ ይላል፤ እኔ ሁለት ቀን አደርገዋለሁ። ከነጋድ ጣቢያ ቅዳሜ ስለምነሳ፣ ወንድሜ ቀድሞኝ ቢደርስ «ምን አገኛት» ብለው አይጨነቁ።

ዶሮ ወጡን ሳልደርስ እንዳትከፍቱት ለእማዬ ይንገሩልኝ። ፈረሰኛው የእርስዎ ነው፣ እሱን አልነካም።

ልጅዎ፣ ከጂቡቲ