ለደንበኞቻችን፦ የስሊክ ጎማ ትእዛዝ ስለመለስንበት ምክንያት

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ሰነበታችሁ? በአዲሱ ደንባችን ብዙዎቻችሁ ቅር እንደተሰኛችሁ ሰምተናል። ደንቡን ላልሰማችሁ፦ መኪናው እዚህ ኮምቦልቻ መጥቶ ሳይለካ የእሽቅድምድም ስሊክ ጎማ፣ ማለትም በቀጥታ መስመር ሩጫ የሚገጠመውን ጥርስ የሌለው ጎማ፣ አናዝም። ቀብዱ የዋጋው ግማሽ ነው። ቸርኬ ላይ የወጣ ጎማ አይመለስም። ስሊክ አድርጎ እየተነዳ ከግቢያችን የሚወጣ መኪናም አይኖርም። ከደሴ ድረስ ወርዳችሁ ባዶ እጃችሁን ለተመለሳችሁ፣ ለድካማችሁ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ደንቡ ግን ይቆያል።

“ኮራብን”፣ “ሥራ ጠልቷል”፣ “ዋጋ ለመጨመር ሰበብ ፈልጎ ነው” የሚለው ወሬ ደሴ ፒያሳ ደርሶ ወደ እኛው ተመልሷል። ሥራ የጠላ ሰው ገና ሳይነጋ ኮምፕሬሰር አያስነሳም። እኔ ጎሚስታ የሆንኩት በልጅነቴ ነው፤ የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪኖች ከመነዳሪ እየለጠፍኩ አድጌያለሁ። ያኔ ስለ ሳይዝ የሚጠይቅ አልነበረም፤ የተገኘው ይገጠማል። ሳይዝ ምን እንደሚያደርግ የተማርኩት የተገኘው ተገጥሞ የሄደው መኪና ምን ሆኖ እንደሚመለስ እያየሁ ነው። እና “እምቢ አለኝ” ስትሉ ዝም ብዬ እንቢ ያልኩ አይምሰላችሁ።

ወደ ነገሩ ልግባ። ብዙ ንዴት ያስነሳው ባለ 28 በ10.5 በ15 ስሊክ ለኮሮላ ይምጣልኝ የሚለው ትእዛዝ ነው። ቁጥሩ ሲነበብ ጎማው ቆሞ ሲለካ 28 ኢንች፣ መሬት የሚነካው ፊቱ 10.5 ኢንች፣ ቸርኬው ደግሞ 15 ኢንች ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ ትልልቅ ሞተር ያላቸው፣ በኋላ እግራቸው የሚገፉ መኪኖች ይህን ሳይዝ ያዘወትሩታል፤ ቪዲዮ ላይ የምታዩት እነሱን ነው። አብዛኛው የእኛ አገር ኮሮላ ግን የሚጎትተው በፊት እግሩ ነው። 195/65 አር 15 ያደረገ ኮሮላ ጎማው ቢለካ 25 ኢንች ገደማ ነው። በእሱ ቦታ ባለ 28ቱ ሲገባ ቁመቱ በ7 ሴንቲ ተኩል ገደማ ያድጋል፤ መሪው ትንሽ ሲዞር ፓራፋንጎውን ይበላዋል። የተነፋ ስሊክ ጎኑ ከተጻፈው ስፋት በላይ ይወጣል፤ ሲፈጥንም ጎማው ራሱ ይለጠጣል። ስለዚህ እኛ ዙሪያውን ቢያንስ 2 ሴንቲ ተኩል ክፍት ቦታ ካላገኘን አናዝም።

ቸርኬውም ሌላ ጣጣ አለው። የኮሮላ ቸርኬ ስፋቱ 6 ኢንች ቢሆን ነው፤ ባለ 10.5ቱ ጎማ ደግሞ ከ8 በታች አይመቸውም። ጠባብ ቸርኬ ላይ ሲነፋ መሐሉ አብጦ ጠርዞቹ ከመሬት ይነሳሉ። ያን ሁሉ ብር የከፈላችሁበት ስፋት አየር ላይ ቀረ ማለት ነው።

“ፓራፋንጎው ይቆረጣል፣ ሰፊ ቸርኬ ይፈለጋል” ያለኝ ወንድም ነበር። ልክ ነው፣ ፓራፋንጎ ይቆረጣል። ማርሹስ? ጎማ በረዘመ ቁጥር ማርሹ እንደረዘመ ነው የሚቆጠረው። አብረን እናስላው። ሦስተኛ ማርሹ 1.31፣ ዲፈረንሻሉ 4.1 የሆነ መኪና እንውሰድ። ባለ 24 ኢንች ስሊክ አድርጎ ሞተሩ በ6,000 አርፒኤም (በደቂቃ 6,000 ዙር) ሲዞር 128 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሄዳል። ባለ 28 አድርጎ በዚያው 6,000 ላይ 150 መድረስ አለበት። ያልተነካካ የኮሮላ 1.6 ሞተር ያለው መኪና በሩጫው 402 ሜትር (ሩብ ማይል) ውስጥ 150 አይደርስም፤ መስመሩን በ125 ካለፈ ሞተሩ ገና 5,000 ላይ ነው፣ ጉልበቱን ሳያወጣ ሩጫው አለቀ። ሲነሳም እንዲሁ ነው፤ አንደኛው ማርሽ ስለከበደ ወይ ሞተሩ ይታፈናል ወይ ፍሪሲዮኑ ይሸታል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚረሳው የአገራችንን ከፍታ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ 3 በመቶ ገደማ ያጣል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ገደማ። ወረቀቱ ላይ 110 የፈረስ ጉልበት የተጻፈለት መኪና ደሴ ላይ ሩብ ያህሉን ጥሎ ነው የሚነሳው። ባሕር ዳርቻ ያለ ሰው ያወጣውን የሳይዝ ሰንጠረዥ እንዳለ ወስዶ ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር መግጠም እንዴት ይሆናል? ጉልበት የሌለው ሞተር ሰፊ ስሊክ ሲሰጡት ጎማው መሬቱን ጭምድድ አድርጎ ይይዛል፣ መኪናው ግን አይሄድም።

ለአብዛኞቻችሁ መኪና የሚስማማው ከ22 እስከ 24 ኢንች ያለው ጠበብ ያለ ስሊክ ነው፤ እሱም ለፊት እግር ብቻ። እንደሚያምር አይደለም፣ አውቃለሁ። ኮሮላዋ አጎንብሳ የምትሄድ ትመስላለች። እኔ የመከርኩትን ወስዶ የተመለሰ ደንበኛ ግን የለኝም፤ ይህን ስናገር ትንሽ ብኮራ አትፍረዱብኝ።

“ገጥማችሁ በዚያው ልሂድ” ለሚለው ደግሞ መልሳችን አይለወጥም። ስሊክ ጥርስ የለውም፤ ውሃ የሚያስወጣበት መንገድ የለውም ማለት ነው። ጎማው ለስላሳ ነው፣ ንፋሱም የመንገድ ጎማ ከሚነፋው ግማሽ ያህል ወይም ከዚያ በታች ነው። ጎኑ እንዲተጣጠፍ ሆኖ የተሠራው መኪናው ሲነሳ መሬት እንዲጨብጥ ነው፤ ያ መተጣጠፍ ኩርባ ላይ መኪናውን ያወዛውዘዋል። ከኮምቦልቻ ደሴ የሚወጣውን የሐረጎን ዳገት ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ጉሙን፣ ካፊያውን፣ ከላይ ተጭኖ የሚመጣውን አይሱዙ። እኛ ሊሾ (ጥርሱ ያለቀ) ጎማ ይዞ ሐረጎን የሚወርድ የሚኒባስ ሹፌር ስናይ “እባክህ ወንድሜ ቀይር” ብለን የምንለምን ሰዎች ነን። አዲስ ሊሾ ሸጠን “በሰላም ግባ” ብለን የምንሸኘው በምን አንጀታችን ነው? ስሊኩን ከኋላ ጭናችሁ ሂዱ፤ ውድድሩ ቦታ ስትደርሱ ቀይሩት።

የማይመለስበትንም ምክንያት ልንገራችሁ። ንፋሱ ትንሽ ስለሆነ ጎማው ሲነሳ ቸርኬው ላይ ይንሸራተታል። ጎማውና ቸርኬው ላይ በጠመኔ አንድ መስመር አስምረን ስናየው፣ ከአንድ ሩጫ በኋላ መስመሩ ተሰብሮ ግማሹ ወዲያ ግማሹ ወዲህ ሆኖ እናገኘዋለን። ሲንሸራተት የከመነዳሪውን ቫልቮላ ነቅሎት ይሄዳል። ስለዚህ በብሎን እናስረዋለን። አንዴ በብሎን የታሰረ ጎማ ምልክቱ ስለማይጠፋ አምጪው አይቀበለንም፤ እኛ ጋ ቆሞ ይደርቃል።

ስለ ቀብዱ ብዙ ማለት አያስፈልግም። በሐምሌ 2016 ምንዛሪው ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ተሻገረ። ጎማ በዶላር ነው የሚገባው። በሩብ ቀብድ አዝዘን፣ ጎማው ሲደርስ ሰውየው ሐሳቡን ሲቀይር፣ ኪሳራው የሚያርፈው በልጆቹ ደሞዝ ላይ ነው። ሠራተኛ ላለመቀነስ ብዬ የራሴን ቤት ስንት ነገር እንዳስቀረሁ ባልዘረዝረው ይሻላል።

በ2014 ሱቁ ተዘርፎ ሌቫ እንኳ ሳይቀርልን ስንመለስ ጎማ ሳታዩ ቀብድ የሰጣችሁን እናንተ ናችሁ። አንዳንዶቻችሁ ክሪክ አውሳችሁናል። ያን የማይረሳ ቤት ኮርቶባችኋል ሲባል ከዋጋው ወሬ የበለጠ የሚያመው ይኼ ነው። ሌላ ጋ የምትፈልጉትን ሳይዝ የሚያመጣላችሁ አታጡም፤ ሄዳችሁ ብትገዙም ንፋስ ለማስሞላት እኛ ጋ መምጣት አትፈሩ፣ አብሽሩ። ግን ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ጊዜ እንለካላችሁ።

ልኬቱ ነፃ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሥራ ስለሚቀንስ ያኔ ብትመጡ ጊዜ ሰጥተን እናያለን። መኪናውን በሚወዳደርበት ሁኔታ፣ ነጂው ራሱ ተቀምጦበት አምጡ፤ ባዶ መኪናና ሰው የያዘ መኪና ከጎማው በላይ የሚኖራቸው ክፍተት አንድ አይደለም። ካምቢዮው ወይም ዲፈረንሻሉ ከተቀየረም ቀድማችሁ ንገሩን፤ በፋብሪካው ቁጥር አስልተን እንዳንሳሳት።

ከአክብሮት ጋር
የጎማ ቤቱ ባለቤት፣ ኮምቦልቻ