ጉልበት የማይደርሰው ውሃም ጠባቂ ይፈልጋል

ለባሕር ዳርቻ መዝናኛዎች አስተዳደር ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበሩ ኃላፊ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የምጽፍልዎት እንደ አንድ ወላጅ ነው። በጋው ሞቅ ሲል ልጆቻቸውን ይዘው ወደዚያ ጥልቀት የሌለው አሸዋማ ዳርቻ ከሚጎርፉት ቤተሰቦች አንዱ የእኛ ነው።

ሕፃን ያለው ሁሉ ለምን ያንን ዳርቻ እንደሚመርጥ ያውቁታል። ብዙ ርቀት ተራምደው ገብተውም ውሃው ገና ጉልበት ላይ ነው። አሸዋው ይለሰልሳል፤ እግር የሚቆርጥ ድንጋይ የለም። ውሃው ስስ ስለሆነ ፀሐይ ቶሎ ታሞቀዋለች። ገና መራመድ የጀመረ ልጅና ጉልበቷን የሚያማት አያት ጎን ለጎን ውሃ ውስጥ የሚቀመጡበት ሌላ ቦታ ማግኘት ይከብዳል። ይህንን ዳርቻ ለሕዝብ ክፍት አድርጋችሁ ስላቆያችሁልን ከልብ አመሰግናለሁ። የምጽፈውም ስለምወደው ነው።

ጭንቀቴ ግን ከዚሁ መልካም ስሙ ጋር የተያያዘ ነው። ማስታወቂያው «ጥልቀት የሌለው፣ ለሕፃናት ተስማሚ» ይላል። ወላጅ ይህንን ሲያነብ ልቡን ጥሎ ይቀመጣል። ጋደም ይላል፤ ስልኩን ያወጣል፤ ወሬ ይይዛል። እንዲህ ያለ ቦታ አደጋ የለውም ብሎ የነገረው እኮ የሚመለከተው አካል ነው። አባቶቻችን ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ያሉት ለካ እንዲህ ያለውንም ውሃ ነው።

ትንሽ ልጅ ለመስጠም ጥልቅ ውሃ አያስፈልገውም። አፍና አፍንጫውን የሚሸፍን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይበቃዋል። የሕፃን ጭንቅላት ከቀረው ሰውነቱ አንጻር ከባድ ስለሆነ፣ በፊቱ ከተደፋ ቀና ማለት ሊያቅተው ይችላል። ሲሰጥም ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አይጮኽም። እጁን አያውለበልብም። ለመተንፈስ የሚታገል ሰው ለጩኸት የሚተርፍ ትንፋሽ የለውም። ሁሉም ነገር ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ፣ ያለ ድምፅ ሊያልቅ ይችላል። ሁለት እርምጃ ርቆ የቆመ ሰው ልጁ የሚጫወት ይመስለዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 300,000 ያህል ሰዎች በመስጠም እንደሞቱ ይገምታል። ወደ ሩብ የሚጠጉት 5 ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው። ቁጥሩ ወንዙንም ኩሬውንም ጉድጓዱንም የሚጨምር ስለሆነ የባሕር ዳርቻ ብቻ ነው አልልም። ዕድሜውን ግን ልብ ይበሉልኝ። ጥልቀት የሌለው ውሃ ፍለጋ እጃቸውን ይዘን የምናመጣቸው ልክ በዚህ ዕድሜ ያሉትን ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ልመናዬ ቀላል ነው። «ለሕፃናት ተስማሚ» ከሚለው ጽሑፍ ሥር፣ በዚያው መጠን ፊደል፣ «ልጅዎ እጅዎ ከሚደርስበት አይራቅ» ተብሎ ይጻፍ። ወላጅን አያስፈራም። ወላጅን ያነቃል።

ስለ ባሕሩ ሙላትም፣ ማለትም ውሃው በየቀኑ ከዳር ሸሽቶ መልሶ ስለሚሞላበት ሁኔታ፣ ላንሳ። ጠፍጣፋ ዳርቻ ላይ ውሃው ሲሸሽ ሰፊ አሸዋ ይገለጣል። ልጆች ዛጎል እየለቀሙ ይርቃሉ፤ ትልልቆቹም ይከተላሉ። ውሃው ሲመለስ ግን ሁልጊዜ ከፊት ለፊት እየታየ አይመጣም። መጀመሪያ ዝቅ ያሉትን ቦዮች ይሞላል። ቦዮቹ ደግሞ ከጀርባ፣ በቤተሰቡና በደረቁ መሬት መካከል ሊሆኑ ይችላሉ። ሰዎቹ የቆሙበት አሸዋ ገና ደረቅ ሳለ መመለሻው ይዘጋል። እንግሊዝ አገር ሞርካም ቤይ በሚባለው ጠፍጣፋ ዳርቻ፣ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2004፣ ከአሸዋው ላይ የባሕር ምግብ ሲለቅሙ የነበሩ ከ20 በላይ ሠራተኞች ያለቁት የባሕሩ ሙላት ከቧቸው ነው። እርግጥ እነሱ የነበሩት በቅዝቃዜና በጨለማ ነው፤ እኛ የምንመጣው በጠራራ ፀሐይ ነው። ሰውን የሚከበው አካሄዱ ግን ያው ነው።

የሚያሳዝነኝ ይህ ሊታወቅ የሚችል ነገር መሆኑ ነው። ሙላቱን የሚያመጣው የጨረቃና የፀሐይ ስበት ስለሆነ ሰዓቱ ከብዙ ጊዜ በፊት ይሰላል። በአብዛኛው የዓለም ዳርቻ ከአንዱ ሙላት እስከ ሌላው 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ነው። በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ይገፋል ማለት ነው። ትናንት በሰላም የዋለ ቤተሰብ ዛሬም በዚያው ሰዓት እወጣለሁ ካለ ይሳሳታል። የሰዓት ሰንጠረዡ መሥሪያ ቤትዎ ውስጥ እንዳለ አልጠራጠርም፤ መግቢያው ላይ ግን የለም። ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ይበቃል። ዛሬ ውሃው መመለስ የሚጀምረው በዚህ ሰዓት ነው፤ ሕፃን የያዘ ከዚያ በፊት ወደ ዳር ይውጣ። ጠዋት ጠዋት ይህችን የሚጽፍ አንድ ሰው ይመደብልን።

እዚያው ሰሌዳ ላይ የነፋሱ አቅጣጫም ይጨመር። ነፋስ ከየብስ ወደ ባሕር ሲነፍስ ውሃው ከዳር ሲያዩት ጸጥ ያለ ነው። ወላጅ «ዛሬ እንዴት ደስ ይላል» የሚለው ያን ቀን ነው። በአየር የተሞላ ጎማ ላይ የተቀመጠውን ልጅ ነፋሱ እያንሸራተተ የሚወስደውም ያን ቀን ነው። ከዚያ አባት ተከትሎ ይገባል። ብዙ ጊዜ ለማዳን የገባውም አብሮ ይቀራል። በአንዳንድ አገሮች እንዲህ ባለ ቀን የነፋሱን አቅጣጫ የሚያሳይ ብርቱካናማ የጨርቅ ከረጢት ይሰቀላል፤ ትርጉሙም ተንሳፋፊ መጫወቻ ይዛችሁ አትግቡ ነው። እኛም አንድ ይሰቀልልን።

አሁን ወደሚከብደኝ ጉዳይ ልምጣ። ቀይና ቢጫው ባንዲራ የነፍስ አድን ሠራተኛ የሚጠብቀውን ቦታ ያመለክታል። በሁለቱ ባንዲራዎች መካከል ስንሆን የሚያየን ዓይን አለ ብለን እናምናለን። ማምሻውን ግን የጥበቃው ማማ ባዶ ሆኖ ባንዲራዎቹ እንደተተከሉ አይቻለሁ። ልጆች በመካከላቸው ይዋኙ ነበር። ሠራተኞቹን መውቀሴ አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆመው ውለዋል፤ ሰዓታቸው አልቋል። ነገር ግን ጠባቂ የሌለው ባንዲራ ባንዲራ ካለመኖሩ የባሰ ነው። ጠባቂው ሲሄድ ባንዲራውም አብሮት ይነሳ።

ከዚያም አልፎ የሥራ ሰዓቱ ራሱ እንዲታይ እጠይቃለሁ። የጤና ባለሙያዎች ልጆቻችሁን ከእኩለ ቀን ፀሐይ አርቁ ይሉናል። ልክ ናቸው። አሸዋ ብቻውን እስከ 15 በመቶ የሚሆነውን የአልትራቫዮሌት ጨረር መልሶ ስለሚያንጸባርቅ ጃንጥላ ሥር መቀመጥ ብቻ አይበቃም። እኛም ምክሩን ሰምተን ሕፃናቱን በጠዋትና ፀሐይ ስትበርድ እናመጣለን። በሁለቱም ሰዓት ማማው ባዶ ነው። በጥንቃቄ የመጣው ቤተሰብ ጥበቃ ያጣል ማለት ነው። ሠራተኞቹ በፈረቃ ቢደለደሉ፣ ጥቂቶቹ እንኳ ከጠዋት እስከ ማምሻ ቢቆዩ ይህ ክፍተት ይዘጋል። ገንዘብ እንደሚጠይቅ ይገባኛል። መግቢያው አካባቢ ለፎቶ መነሻ ተብሎ ከሚሠራው ማስዋቢያ በፊት ግን ይህ ይቅደም እላለሁ።

ሌሎቹን ባጭሩ ልጥቀስ። ጎረምሶች እየሮጡ በጭንቅላታቸው ይጠልቃሉ፤ ስስ ውሃ ውስጥ ይህ አንገት ይሰብራል፤ ዕድሜ ልክ ሽባም ያደርጋል። የሚከለክል ምልክት ይተከል። ልጆች ከቁመታቸው በላይ የሚቆፍሩት የአሸዋ ጉድጓድም ተደርምሶ ሊቀብራቸው ስለሚችል ጠባቂዎቹ ሲያዩ ያስደፍኑ። የውሃው የንጽሕና ምርመራ ውጤትም ይለጠፍ። ሕፃናት ያንን ውሃ ይጠጡታል፤ በተለይ ውሃው በሰገራ መበከሉን የሚጠቁመውን ኢ. ኮላይ የተባለ ባክቴሪያ የምርመራ ውጤት ማወቅ መብታችን ነው።

እኛ ወላጆችም የምንሠራው አለ። የነፍስ አድን ሠራተኞቹ ሥራ በሚቀልላቸው ቀናት የመጀመሪያ እርዳታ ቢያስተምሩን ለመማር ዝግጁ ነን። ከውሃ የወጣ፣ ትንፋሹ የቆመ ልጅ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው አየር ነው። ደረቱን ከመጫን በተጨማሪ አፍ ለአፍ ትንፋሽ መስጠት የሚችል ሰው አጠገቡ መኖሩ ሕይወቱን ሊያተርፍ ይችላል። አምቡላንስ እስኪደርስ ያሉት ደቂቃዎች የእኛው ናቸው።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጁላይ 25ን በመስጠም የሚደርስ ሞትን የመከላከያ ቀን ብሎ የሰየመው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። ሰሌዳው፣ ባንዲራውና ፈረቃው ያ ቀን ሳይደርስ ሥራ ላይ ቢውሉ ደስ ይለኛል። የትኛው እንደሚቻል፣ የትኛው ጊዜ እንደሚፈልግ ውሳኔዎን እዚያው መግቢያው ላይ ለሁላችንም እንዲለጥፉልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
በዳርቻው ከሚጠቀሙ ወላጆች አንዱ